የቱላን መዝገብ የዘጋሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ፊት ስቀርብ ሌላ ሌላውን እዘረዝራለሁ፤ ረቡዕ ቀን ማኪያቶ መጠጣቴን፣ በባልደረባዬ ሹመት መቅናቴን፣ ሚስቴን ያለ ጥፋቷ መቆጣቴን። እሳቸው አዝነው ስግደት ያዙኛል፤ እኔም ሰግጄ ቀለል ብሎኝ እወጣለሁ። ትንንሾቹን ከፊት አሰልፌ ትልቁን ከኋላቸው እንደደበቅሁት አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ያ ቀለል ማለትም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወጥቼ ባጃጅ እስክይዝ ድረስ እንኳ አይቆይልኝም።

እናንተ ካህን አይደላችሁም። የምነግራችሁም ለዚህ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሳሙኤል እባላለሁ። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ሐዋሳ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ኮምፒውተር ተምሬ፣ እዚሁ ሥራ ያዝኩ። የዛሬ ጥቂት ዓመታት፣ በአንድ የምርጫ ሰሞን፣ አንድ ጊዜያዊ ማስተባበሪያ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ብሎ ቀጠረኝ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ሰዉ በየጣቢያው ሄዶ ይመዘገባል፤ መዝጋቢዎቹ ስሙን በእጃቸው ትልቁ መዝገብ ላይ ጽፈው ካርድ ይሰጡታል። መዝገቡ እኛ ጋ ሲመጣ ጸሐፊዎች ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡታል። እኔ የተገለበጠውን እጠብቃለሁ፣ መጠባበቂያ ቅጂ እይዝለታለሁ፣ በመጨረሻም ዝርዝሩን አትሜ ለየጣቢያው እልካለሁ። የታተመው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰው ሄዶ ስሙን ይፈልጋል፤ ከቀረም አቤት ይላል፤ አቤቱታውም ከዋናው መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ነገሩ ሁሉ ሰው እያየው እንዲሠራ የታሰበ ነበር።

ያን ኮምፒውተር ኢንተርኔት አይነካውም። ፍላሽም እንዳይሰካበት ታዟል። ትእዛዙን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከስክሪኑ በላይ በፕላስተር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። «ፍላሽ መሰካት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። «በጥብቅ» የምትለዋን ከራሴ የጨመርኳትም እኔ ነኝ።

የእህቴ ሰርግ ደርሶ ነበር። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነው የተደገሰው፤ እኔም ከልጅነቷ ጀምሮ ያሉ ፎቶዎቿን በዘፈን አቀናብሬ በትልቅ ስክሪን ላሳይ ለቤተሰቡ ቃል ገብቻለሁ። የራሴ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ቪዲዮ ስሠራበት ይንቀራፈፋል። የቢሮው ግን አዲስና ፈጣን ነው። ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ፎቶዎቹን በፍላሽ ተቀበልኩ። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጌ ያንን ፍላሽ ከራሴ ማስታወቂያ ሥር ሰካሁት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ስሰካና ስነቅል ሰነበትኩ። የክፍሉ ጠባቂ እኔ፣ ክልከላውን የለጠፍኩት እኔ፣ የጣስኩትም እኔ። ማን ይጠይቀኛል?

አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት የፋይሎቹ ስም ተለዋውጦ ጠበቀኝ። ልክፈታቸው ብል እምቢ አሉ። በፍላሹ የገባ ቫይረስ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ የተማርኩት ይህንኑ ነው። አብዛኛው ዝርዝር ቀደም ብሎ ታትሞ ወጥቷል። ሳይታተም የቀረው ከከተማው ዳር ያለው የቱላ አካባቢ ነበር። ወደ መጠባበቂያው ቅጂ ስሮጥ እሱም ሳምንት ያለፈው ሆኖ አገኘሁት። በየቀኑ መገልበጥ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሰርግ ላይ ነበርኩ። በመጨረሻው ሳምንት የተመዘገቡት የቱላ ሰዎች በሙሉ ከኮምፒውተሩ ጠፍተዋል።

መድኃኒቱ ቅርብ ነበር፤ ዛሬም የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። በእጅ የተጻፈው ዋናው መዝገብ ከእኔ ክፍል አጠገብ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። ለኃላፊዬ «አጥፍቻለሁ፤ ፍላሽ ሰክቼ ነው፤ የአንዱን ሳምንት እንደገና እናስገባው» ብል ያልቅ ነበር። ይቆጡኝ ነበር። ምናልባትም ኮንትራቴ አይታደስም ነበር። ሰው ለነፍሱ ፈርቶ ይዋሻል፤ ለልጁ ፈርቶ ይዋሻል። እኔ ምን ፈርቼ ነው የዋሸሁት? የሰርግ ቪዲዮ ሲሠራ የመራጭ ስም ያስበላ ባለሙያ ተብዬ መሳቂያ እንዳልሆን ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሮጌውን ቅጂ የቱላ ዝርዝር ብዬ አተምኩት፤ ላክሁት። ኮምፒውተሩን አጸዳሁ። ሰርጉ ላይ፣ ቀደም ብዬ ወደ ላፕቶፔ የገለበጥኩት ቪዲዮ ታየ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እናቴ አለቀሰች። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

አሁን ቲቸር ዳንጊሶን ላስተዋውቃችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ቾኩን ከሰሌዳው ሳያነሱ የአገሪቱን ካርታ ዙሪያውን ይስሉት ነበር። ተማሪ ያልገባውን እንደገባው አድርጎ ሲቀባጥር ሲሰሙ አይቆጡም። «አላወቅሁም በል። አላወቅሁም ያለን ልጅ እኔ አስተምረዋለሁ፤ አውቃለሁ ያለውን ማን ያስተምረዋል?» ይላሉ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ቱላ ተመለሱ። በዚያ የምርጫ ሰሞን ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ካርድ አውጥተው የማያውቁ የሰፈራቸውን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ያግባቡ ነበር። ሴቶቹን ብቻ አይደለም፤ ባሎቻቸውንም። ጊዜ የወሰደባቸው ባሎቹ ናቸው፤ በዚህ የተነሣ ሴቶቹ የተመዘገቡት በመጨረሻው ሳምንት ሆነ።

ከሴቶቹ አንዷ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማሬ ናት። የቲቸርን ሚስት እንደ እህቷ ታያታለች፤ እንሰት የሚፍቁት አብረው ነው፣ ልጅ ሲታመም የሚሯሯጡት አብረው ነው። ያኔ ማሬን አላውቃትም ነበር። ለእኔ የጠፋ ፋይል ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ነበረች፤ እንዲያውም መስመሯን አላየሁም።

ዝርዝሩ በተለጠፈ ማግስት ቲቸር ቢሮዬ መጡ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ሳሙኤል! አንተ እዚህ መሆንህን ስሰማ እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ፣ ልጄ። ጉዳዩ ቀላል ነው። ካርድ ያወጡ ሴቶች አሉ፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ስማቸው የለም። የካርዶቻቸውን ፎቶ በስልኬ አንስቼ ይዣለሁ። ዋናውን መዝገብ አውጣውና አብረን እንየው።»

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቁልፉን ጨብጬዋለሁ።

«ቲቸር፣ አይቻልም። መዝገቡ ለደህንነት ሲባል ተዘግቷል» አልኳቸው።

«ከማን ነው የሚጠበቀው?»

«ሲስተማችን ላይ የሳይበር ጥቃት ሙከራ ተደርጎ ነበር።»

ይህን ቃል አስቤ የመጣሁ አይደለሁም። አፌ ላይ መጣ፤ ወጣ። ሲወጣ ግን እንዴት ያማረ ነበር! ትልቅ ቃል ነው፤ ያስፈራል፤ ማንም አይጠይቀውም። ቲቸር ግን ጠየቁት።

«እኔ እኮ ኮምፒውተር አሳየኝ አላልኩህም። ወረቀት ነው የጠየቅሁህ። ወረቀት በሳይበር ይጠቃል እንዴ?»

 «መመሪያ ነው፣ ቲቸር» አልኩ። ያስተማሩኝን ሰው ዓይናቸውን እያየሁ «መመሪያ ነው» አልኩ።

ኃላፊያችን አቶ ጌቱ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ቲቸር ከወጡ በኋላ ገብተው «የምን ጥቃት ነው? ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። ሁለተኛው ዕድል ይህ ነበር። «ዋሽቼ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። «እያጣራሁ ነበር» አልኩ። ወዲያው ሪፖርት ጻፍ ተባልኩ፤ ጻፍኩ። እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩት ብታዩ! ከውጭ ወደ ውስጥ ለመግባት የተደረገ ሙከራ፣ በባለሙያው ንቃት የከሸፈ። ባለሙያው እኔ ነኝ። አቶ ጌቱ አነበቡና «ማን ሊሆን ይችላል? ሰሞኑን መረጃ ስጡኝ ብሎ የተጫነህ ሰው አለ?» አሉ። እኔም ከታች ጨመርኩበት። የመራጮችን ካርድ በስልክ ፎቶ እያነሡ የሚሰበስቡና ዋናውን መዝገብ ለማየት አጥብቀው የጠየቁ ግለሰብ እንዳሉ ጻፍኩ። «ግለሰብ» ነው ያልኩት፤ ቲቸር አላልኩም። ስም ሲጠይቁኝ ግን ስም ሰጠሁ።

ዳንጊሶ የሚለውን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሰው ግፊት አልጻፍኩም፤ ተመትቼ አልጻፍኩም። ሻይ ቀርቦልኝ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ።

ፖሊሶች ቲቸርን ከቤታቸው ወሰዷቸው። የታሰሩት ለጥቂት ቀናት ነው፤ ምንም ስላልተገኘባቸው ለቀቋቸው። ስልካቸው ግን እዚያው ቀረ፤ አቤቱታውም ከስልኩ ጋር ቀረ። የምርጫው ቀን ማሬና ጓደኞቿ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ካርዳቸውን ይዘው ጣቢያው ሄዱ። ዝርዝሩ ላይ የላችሁም ተባሉ። ከሰልፍ ወጥተው፣ ሰው እያያቸው ተመለሱ። ከዚያማ ወሬው ራሱን ሠራ። ካርዳችንን ፎቶ ያነሳው ማነው? ዳንጊሶ። ፖሊስ የወሰደው ማንን ነው? ዳንጊሶን። ስማችንን ሸጦት ነው። አጥፍቶት ነው። ባሎቹ ደግሞ ቀድሞም ምዝገባውን አልወደዱትም ነበርና «አላልንም?» አሉ። ማሬ የቲቸርን ቤት መርገጥ ተወች። የቲቸር ሚስት እንሰቷን ለብቻዋ ትፍቅ ጀመር።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ። ግን ከዚህ የባሰ አለ።

የሲዳማ አዲስ ዓመት ፊቼ ሲቃረብ የተጣላ ሰው ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ዓመቱን መሻገር ነውር ነው። በዚህ ምክንያት የቱላ ሽማግሌዎች በቲቸርና በሴቶቹ ቤተሰቦች ጉዳይ ተቀመጡ፤ ሸንጎውን ሶንጎ ይሉታል። ቲቸር እኔ እንድጠራ ጠየቁ። «የሚያውቀው አለ፤ ተማሪዬ ነው፤ እሱ ይናገር» ብለው። እምቢ ብል ያስጠረጥረኛል ብዬ ሄድኩ።

ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከዳር ተቀምጠዋል። ሲዳምኛ ግማሹን እሰማለሁ፤ ያልገባኝን አጠገቤ ያለ ሰው ይነግረኛል። እዚያ ነገር የሚጀመረው በክስ አይደለም። ሽማግሌው «አፊኒ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰማችሁ ወይ፣ ታውቃላችሁ ወይ እንደማለት ነው። ያወቀ ሁሉ ያወቀውን ያወጣል። የሚያውቁትን ይዞ መቀመጥ የለም። ምስክር ተጎትቶ አይመጣም፤ ሁሉም እውነትን፣ እነሱ ሀላሌ የሚሉትን፣ ይፈራል ተብሎ ይታመናል። አንድ በአንድ እየተናገሩ ተራው እኔ ጋ ደረሰ። «አፊኒ?» አሉኝ ሽማግሌው። ቲቸር አዩኝ። ተስፋ ያለበት ዓይን ነበር፤ ተማሪያቸው ሰሌዳው ፊት ቆሞ መልሱን ሊያገኘው ትንሽ ሲቀረው የሚያዩበት ዓይን።

«ጉዳዩ የደህንነት ጉዳይ ነው። ለመናገር አልተፈቀደልኝም» አልኩ። ማንም አልከለከለኝም ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ።

 የአባቴ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ የሚደብቀው አለ ይል ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን የሚያውቅ ሰው ለራሱ ብሎ ዝም ይላል ብለው ማሰብ አልቻሉም። ዝምታዬን የተረጎሙት በራሳቸው ልክ ነው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ተናገሩ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ተረጎመልኝ። «አስተማሪውን በሰው ፊት አላሳፍርም ብሎ ነው። የጨዋ ልጅ ነው» ብለው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። መረቁኝ! ሴቶቹም ከዳር ራሳቸውን እየነቀነቁ አዩኝ። የእኔ ዝምታ በቲቸር ላይ የመጨረሻው ምስክር ሆነ፤ ለእኔ ደግሞ ምርቃት።

ከዚያ ወደ ቲቸር ዞረው ለመኗቸው። «አጥፍቻለሁ በል፤ ይቅር ይሉሃል፤ ዓመቱን በሰላም እንሻገር» አሏቸው። አንዲት ቃል ነበር የሚፈለግባቸው። ማሬ ቤታቸው ትመለስ ነበር። ቲቸር ተነሡ። «የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ያላደረግሁትን አድርጌአለሁ አልልም» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ። ሳይታረቁ ቀሩ። የዋሸሁት ተመርቄ ወጣሁ፤ አልዋሽም ያሉት ቂመኛ ተብለው ወጡ። በዚያ ዓመት ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሰዉ ተሰብስቦ ፊቼን ሲያከብር ከሩቅ አየኋቸው። ከሰፈራቸው ሰዎች ተለይተው ከሚስታቸው ጋር ዳር ላይ ቆመዋል። እኔ ቀኑ ደስ ይላል ብዬ ቤተሰቤን ይዤ የመጣሁት ሰው ልጄን ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ በሰው መሃል ተደበቅሁ።

ከዚያ በኋላ ምን ሆንኩ? አደግሁ። ጥቃት ያከሸፈ ባለሙያ ተብዬ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተሻለ ቦታ ተዛወርኩ። ስለ መረጃ ደህንነት ሥልጠና እሰጣለሁ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ፊት ቆሜ ምን ለሕዝብ ይከፈት፣ ምን ይዘጋ እያልኩ አስተምራለሁ። ቡና ሲጠጡም ሲከራከሩም ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ አንዷ «የሚዘጋው ሰው የራሱን ስህተት ለመሸፈን እንዳልዘጋው በምን እናውቃለን?» ብላ ጠይቃኝ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ አልፌያታለሁ።

በደንብ አድምጡኝ፤ ሁሉም ነገር ለሁሉም ይከፈት የምል ሰው አይደለሁም። የሰው ስም ከስልክ ቁጥሩና ከቤት ቁጥሩ ጋር ቴሌግራም ላይ ቢወጣ ክፉ ሰው በሩን ያንኳኳል። በምርጫ ጊዜ ደግሞ ስም ብቻውን የት እንደምትኖር፣ የማን ወገን እንደሆንክ ይናገራል። ኮምፒውተር ሰብረው የሚገቡ ሰዎችም አሉ፤ ተረት አይደሉም። ያን ቀን የተናገርኩት ሁሉ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው አፍ እውነት ነው። ውሸቴን ያጠነከረልኝም ይኸው ነው። ባዶ ውሸት ቢሆን ኖሮ በቲቸር አንዲት ጥያቄ ይወድቅ ነበር። እኔ ግን የሰውን እውነተኛ ፍርሃት ተበድሬ ከኋላው ቆምኩ። ዛሬ በእውነት ጥቃት ደረሰብን የሚል ባለሙያ ሳይ ፍላሽህን የት ሰክተህ ነው ብዬ በልቤ እጠይቀዋለሁ። የራሴን ሙያ በራሴ እጅ አረከስኩት።

ባለፈው ወር አንድ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የድሮ ሰነዶች እኛ ዘንድ ተላልፈው ነበርና ይታይ አይታይ የምወስነው እኔ ነኝ። አመልካች ዳንጊሶ ይላል። የቱላን የምዝገባ መዝገብ ከታተመው ዝርዝር ጋር ላመሳክር ይላል። በዚህ ሁሉ ዓመት አልተዉትም። ጠራኋቸው።

አርጅተዋል። መነጽራቸው ወፍሯል። «ይቀመጡ፣ ቲቸር» ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው። መዝገቡን አወጣሁ። ስልክ ቁጥርና የቤት ቁጥር ያለበትን ረድፍ በወረቀት ሸፍኜ በክሊፕ ያዝኩት፤ ስሙና የተመዘገቡበት ቀን ብቻ እንዲታይ። ይህን ሳደርግ እጄ ቆመ። ያ ሁሉ የደህንነት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር፤ አንድ ወረቀትና ሁለት ክሊፕ። ያኔም ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ነበር። ያኔም ክሊፕ ነበር።

ቲቸር የድሮውን ዝርዝር ቅጂ ከፖስታ አውጥተው አጠገቡ ዘረጉት። በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ማሬን አገኟት። ደስ አላቸው መሰለኝ፤ ስሟን ደጋግመው በጣታቸው ነኩት። ቀጠሉ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«ሳሙኤል።»

«አቤት ቲቸር።»

«ሰው ሆን ብሎ ስም ቢሰርቅ እየመረጠ ነው የሚሰርቀው። ይሄ አልመረጠም። እስከዚህ ቀን ድረስ ያለው ሁሉ አለ፤ ከዚህ ቀን ወዲህ ያለው በሙሉ የለም። እንዲህ የሚሆነው ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ትቶት ሲሄድ ነው።»

 መነጽራቸውን አወለቁ፤ አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ያ የሰሌዳው ጊዜ ዓይን ነው፤ አሁንም ያው ተስፋ።

«አፊኒ?» አሉኝ በቀስታ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ሽማግሌ የለም፤ አለቃ የለም፤ ሴቶቹ የሉም። እንዲህ ያለ ዕድል ለማን ይሰጣል? ቲቸር ሲጠይቁኝ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፤ በፍቅር፣ በሹክሹክታ። እኔ ምን አልኩ? «ቲቸር፣ የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ክፍሉን መዝጋት አለብኝ» አልኩ።

«እሺ ልጄ» አሉ። ወረቀታቸውን አጠፉ። የማሬ ስም ያለበትን ገጽ ኮፒ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ አመስግነውኝ ወጡ።

ኮፒውን ይዘው ማሬ ቤት እንደሄዱ አብሮኝ የሚሠራ የቱላ ልጅ ነገረኝ። ማሬ ገጹን ለልጇ አስነብባ ሰምታ፣ «መመዝገቤን እኔም አውቃለሁ። ወረቀት አላጣሁም። ማን እንዳጠፋኝ ንገረኝ» አለቻቸው አሉ። ቲቸርም «እኔ አላውቅም» ብለው ተመለሱ። ዕድሜ ልካቸውን እንደኖሩት። እያወቁ ይሆን? ያወቁ ይመስለኛል። ግን እኔ ካልነገርኳቸው አውቃለሁ አይሉም፤ እኔም ይህን አውቄ በዚህ ውስጥ ተደብቄ እኖራለሁ። መዝገቡን ከፍቼላቸዋለሁ፤ አፌን ግን ዘግቼዋለሁ፤ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ አፌ ነው።

ፊቼ እየመጣ ነው። ሶንጎው ይቀመጣል። ሂድ ትሉኛላችሁ፤ እኔም ለራሴ እላለሁ። እንደምሄድ ግን ቃል አልገባላችሁም፤ ለሰርግ ቪዲዮ እንጂ ለሌላ ነገር ቃሌን ጠብቄ አላውቅም።

መጀመሪያ ላይ ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ይህ ነው። ይህን ሁሉ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለምን ይንቀጠቀጣል? እናንተ ማሬን አታውቋትም። የቲቸር ሚስት ብቻዋን ስትፍቅ አላያችሁም። ለእናንተ መናገር ረቡዕ ቀን የጠጣሁትን ማኪያቶ እንደመናገር ነው። ስለዚህ ይቅር እንዳትሉኝ። የእናንተ ስላልሆነ አትስጡኝ፤ ብትሰጡኝ ተቀብዬ ቀለል ብሎኝ እተኛለሁና።

ቲቸር ጠይቀውኛል። መልሱ አዎ ነው። አውቃለሁ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ የሉበትም። ይህችው ናት፤ ከዚህ አትረዝምም።

የቱላ ታክሲ የሚጭነው ከመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ነው። ዛሬም ረዳቱ «ቱላ! ቱላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራ ነበር። እኔ አጠገቡ አልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።